የአዴ ዲንቄ ድምፅ የት ገባ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢራ ያደታ አንድ ኮምፒውተር ታቅፎ፣ ኮምፒውተሩን የገጣጠመውን ወጣት ከፊቱ በክርኑ እየገፋ ወደ ጣቢያችን ገባ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማምጣት ቀላል አይደለም፤ ግን ቢራ ሲናደድ ጉልበት አያጣም።

«ኢንስፔክተር ብዙወርቅ፣ ይኼ ልጅ አክስቴን ገደላት» አለኝ።

ሳጅን ሸኪብ ብዕሩን አነሳ። ሸኪብ ደህና ሰው ነው፤ ችግሩ «ገደለ» የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱ ላይ የበዓል መልክ መምጣቱ ነው።

«አዴ ዲንቄ ሐምሌ ላይ ታመው አይደል እንዴ ያረፉት?» አልኩት። «ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።»

«እሷስ አርፋለች። ድምጿ ግን ነበረን። ትናንት ከሰዓት ፊቴ ቁጭ ብሎ አጠፋው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አዴ ዲንቄ አቃቂ ገና እርሻ ሳለ የተወለዱ ሴት ነበሩ። የትኛው መጋዘን የማን የጤፍ ማሳ ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ቤተሰብ ከየት እንደመጣ፣ የአባቶችን ስም እስከ ዐሥረኛው ትውልድ ያውቁ ነበር። ቢራ ሊያርፉ ሦስት ወር ሲቀራቸው በስልኩ ይቀዳቸው ጀመር፤ አርባ አንድ ቅጂ ሆነ። ቢራ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነውና፣ እድሩ አዲስ ኮምፒውተር ሲያሠራ ቅጂዎቹን በሙሉ ወደዚያ አሻግሮ የሞላ ስልኩን አጸዳው። ሌላ ቦታ አንድም አላስቀረም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይፈርድበት ይሆናል፤ እኔ አልፈርድም፤ የልጆቼ ፎቶ በሙሉ ያለው አንድ አሮጌ ስልክ ላይ ነው።

ወጣቱን ወንበር ሰጠሁት። ሙንታሲር ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሳሪስ ላይ ከዕቃ ማሳያው የማትበልጥ ሱቅ አለችው፤ ኮምፒውተር ከየዕቃው ገጣጥሞ ይሸጣል።

«ምን አደረግህ?»

«መጠገን ነው የሞከርኩት» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «እዚህ ጣቢያ መዝገብ ቤት አላችሁ አይደል? ፋይሎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የትኛው የት እንዳለ የሚናገር ደግሞ አንድ ዋና መዝገብ አለ። ኮምፒውተርም እንደዚያ ነው። የተበላሸው ዋናው መዝገብ ነው። ማሽኑ አዲስ ሆኖ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። መጀመሪያ ጠገንኩት። ሁለተኛ ጊዜ ገመዱን ቀይሬ ጠገንኩት። ትናንት ሦስተኛውን ስጠግን መዝገቡ ጭራሽ ባዶ ሆነ።»

«ሰማሽ— ሰሙ አይደል?» አለ ቢራ። ንዴቱ አንቱታውን እንኳ አደናቀፈው። «‹እሺ› የምትለዋን ቁልፍ ሲነካት ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ በዓይኔ አየሁ። አሮጌ ዕቃ ሸጦልን ነው፤ እንዳይታወቅበት ደመሰሰው።»

«አሮጌ ዕቃ ነው?» አልኩት ልጁን።

«ወላሂ ሁሉም ከነካርቶኑ ነው የከፈትኩት። ከማስረከቤ በፊት በዋዜማው ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ፈትሼዋለሁ። የፈተናው ፎቶ ስልኬ ላይ አለ።»

ፎቶው አለ። ሰዓትና ቀኑ የተጻፈበት ነው፤ ከታች «ስህተት፦ ዜሮ» የሚል ነገር ይነበባል። ግን የቢራ ክስ የዓይን ምስክር አለው፤ የልጁ ፎቶ ደግሞ ልጁ ራሱ ያነሳው ነው። ልጁን አቆየሁት። ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብኝ፤ ስለዚህ ያለኝ ሁለት ቀን ነው። በዚህ ሰፈር አንድ ልጅ «የሟች ድምፅ ያጠፋ» ተብሎ ፍርድ ቤት ደጅ ከታየ፣ ነጻ ቢባል እንኳ ሱቁ ማንም አይገባም።

ስድስት ሰዓት ላይ እናቱ ወይዘሮ ኡምሀኒ ምሳ ይዘው መጡ። ከወሎ መጥተው በዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የነገዱ ሴት ናቸው። ሳህኑን ሸኪብ እንዲፈትሸው ራሳቸው ከፈቱለት።

«ልጄ አጥፍቶ ከሆነ ይቀጣ» አሉኝ። «ግን ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ጆሮውን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«አልቀላም።»

«እንግዲያ ሥራሽን ሥሪ» ብለው ሄዱ። አለቃዬ እንኳ እንዲህ አጭር ትእዛዝ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ቢራን መልሼ አስጠራሁት። ማሽኑ ሲገባ የነበረውን ሁኔታ ንገረኝ ስለው የምርቃቱን ቪዲዮ አሳየኝ። እሁድ ቀን ነው፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት። የእድሩ አዳራሽ ሞልቷል፤ የአካባቢው ነባር ገበሬዎች ልጆችና የወሎ ነጋዴዎች ተቀላቅለው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የሚጠጣው ነገር ይሁን ተብሎ ብርዝ ቀርቧል። ሙንታሲር የማሽኑን ጎን ከፍቶ አስተኝቶታል፤ ሽማግሌዎቹ ሆዱን ካላየን ብለውታል። ከዚያ የቢራ አባት፣ የሰማንያ አራት ዓመቱ አባባ ያደታ፣ ብርዛቸውን እንደያዙ ተነሱ።

«ያየው ዓይን አይጉዳው። የነካው እጅ ይባረክ። የዲንቄን ቃል ያዝ፣ አትልቀቅ» ብለው እንትፍ እንትፍ እያሉ መረቁ። አዳራሹ አሜን አለ። እውነቱን ለመናገር እኔና ሸኪብም ቢሮ ቁጭ ብለን ለስልኩ አሜን አልን። ከዚያ ልጁ ጎኑን ገጠመ፣ ማሽኑን አስነሳ፣ ሰው አጨበጨበ።

«ሲበራ ደህና ነበር» አልኩ።

«ደህና ነበር። ስለዚህ በኋላ የሆነ ነገር አድርጎታል» አለ ቢራ። ከዚያ ትንሽ አመነታና «ወይ ደግሞ ፊሮምሳ» አለ።

ፊሮምሳ ሳሪስ አቦ አካባቢ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የእድሩን ሥራ ለመውሰድ ከሙንታሲር ጋር ተወዳድሮ ተሸንፏል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በእድሩ በር ሲያልፍ ታይቷል ተባለ። ቢሮው ቅዳሜ ክፍት ይውላል፤ አንድ ፍላሽ ሰክቶ ቫይረስ ለመልቀቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሸኪብ ካቴናውን ከመሳቢያ ሲያወጣ መልሶ እንዲያስገባው ነገርኩት።

ሱቁ ሄድን። ፊሮምሳ ጺሙን ያሳመረ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ሱቄ። ሙሉ ቀን።»

ጎረቤቱን የጫማ ነጋዴ ጠየቅኩት፤ «ቅዳሜማ ዘግቶ ነበር፤ ቁልፉን እኔ ጋ ነው የተወው» አለኝ። ተመልሼ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

«የውሸቱ ምክንያት ከእውነቱ የባሰ ካልሆነ ንገረኝ» አልኩት።

«ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ነው። ሰፈር ውስጥ ‹ዱባይ ነው› እንላለን፤ እናቴም እንደዚያ ነው የምትለው። በእድሩ በር ያለፍኩት ስንቅ ይዤ ወደዚያው ስሄድ ነው።»

ማረሚያ ቤቱ ደወልኩ። የጠያቂዎች መዝገብ ላይ ስሙ አለ፤ የገባበትና የወጣበት ሰዓትም አለ። ስልኩን ዘግቼ «ወንድምህ ዱባይ ደህና ነው» አልኩት። ፊሮምሳ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወዳጄ ሆነ።

ረቡዕ ጠዋት ሸኪብ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ከእድሩ ጎን የሙህዲን ብረታ ብረት ቤት አለ፣ ሲበየድ መብራት ይዋዥቃል፣ መብራቱ ማሽኑን አቃጥሎታል። ግማሽ ቀን ስንጠይቅ ዋልን። የሙህዲን መስመር የራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ማሽኑም ሙንታሲር ያስገጠመለት የመብራት መጠባበቂያ ነበረው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ሸኪብ ከፍቶት ነበርና ምሳ ጋበዝኩት።

ምሳ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። ሁላችንም ስንፈልግ የነበረው ከቅዳሜ ወዲህ ወይም ከትናንት በስቲያ ምን ሆነ እያልን ነው። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ማንም አልጠየቀም። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን አይደል?

ፊሮምሳን ጣቢያ አስጠራሁት። ሙንታሲርንም ከማረፊያው አስወጣሁት። ተጠርጣሪ ኤግዚቢት እንዳይነካ ሕግ ስላለ፣ ልጁ ከጠረጴዛው ሁለት ሜትር ርቆ ይናገራል፣ ፊሮምሳ ይሠራል። ተፎካካሪዎቹ መጀመሪያ ላይ በዓይን እንኳ አልተያዩም።

«ማሽኑ የራሱን ውሎ ይመዘግባል» አለ ሙንታሲር። «እሱን ክፈተው።»

ፊሮምሳ ከፈተ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ። «የመጀመሪያው ስህተት ሰኞም ቅዳሜም አይደለም። የምርቃቱ ዕለት ነው። እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። በበራ በአርባ ደቂቃው።»

ቅዳሜ ማታ ንጹሕ፣ እሁድ ከሰዓት በሽተኛ።

«ራሙን ፈትነው» አለ ሙንታሲር፤ ድምፁ አሁን ከፍ ብሏል። ወደ እኔ ዞሮ «ማሽኑ ሥራ ሲሠራ ነገሩን ለጊዜው የሚይዝበት ነው። ቅዳሜ ጤነኛ ስለነበረ እንደገና አላየሁትም» አለኝ።

ፈተናው ተጀመረ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ። ሙንታሲር ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን ማለት ነው?» አልኩ።

የመለሰልኝ ፊሮምሳ ነው። «መዝገቡን የሚጽፈው ጸሐፊ እጁ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፣ ኢንስፔክተር። መዝገቡን መቶ ጊዜ ቢያርሙት የሚያርመው ያው ጸሐፊ ነው። በጠገነው ቁጥር እያባሰው ነበር ማለት ነው። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር።»

ማሽኑን አጥፍቶ ከሁለቱ ራሞች አንዱን ነቀለና ወደ መስኮቱ አቀረበው። ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበረ፤ ጥቃቅን ነው፣ ዳር ዳሩን የደረቀ ስኳር የመሰለ ነገር አለው። ፊሮምሳ በጥፍሩ ነካውና አሸተተው።

«እርጥብ ነገር ነክቶታል። ከላይ የተረጨ ነው፤ ቦርዱም ላይ አለ» አለ። ከዚያ ሙንታሲርን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየው። «ዕቃው አዲስ ነው። ተከታታይ ቁጥሩም ከካርቶኑ ጋር ይገጥማል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ጻፉልኝ፣ እፈርማለሁ።»

ዝናብ? በጥቅምት ዝናብ የለም። ጣሪያ ማፍሰስም የለም። ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ አዳራሹ ውስጥ ጎኑ የተከፈተው አንዴ ነው።

ሸኪብን አየሁት። ሸኪብ አየኝ። ቪዲዮውን እንደገና አስጀመርኩ።

አባባ ያደታ ተነሱ። ከብርዙ ተጎነጩ። በተከፈተው ማሽን ላይ ጎንበስ አሉ። ብርሌው በቀኝ እጃቸው ነው፣ ግራ እጃቸው ወደ ሰማይ ተዘርግቷል። እንትፍ እንትፍ። ከመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ማር የበረዘው ውሃ ወደ ማሽኑ ሆድ ወረደ። አሜን አለ አዳራሹ። ይህን ቪዲዮ ትናንት ሁለቴ አይቼዋለሁ። አባቴም እኔን እንደዚያ ነው የመረቀኝ፤ ምርቃት አየሁ እንጂ ውሃ አላየሁም።

«የክስ ቃል ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ሸኪብ ቀስ ብሎ።

«ብዕሩን አስቀምጠው» አልኩት።

ቢራን ጠርቼ ቪዲዮውንም ራሙንም አሳየሁት። ወንበሩ ላይ ተደፋ።

«አባቴ ይህን አይስማ» አለኝ። «ከእናቱ ሆድ ተከትላው የወጣች ታናሽ እህቱ ናት። ድምጿን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ካለ አይነሳም። ክሴን አነሳለሁ። ‹ማሽኑ ብልሹ ነበር› ብለው ይጻፉልኝ።»

«ማሽኑ ብልሹ ነበር ካልኩ የሸጠው ልጅ ስም ምን ይሆናል?»

ሙንታሲር ከጥግ ሆኖ ይሰማ ነበር።

«እሺ ይበሉ፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ሱቅ ሌላ ሰፈር ይከፈታል። አባባ ያደታ ግን አንድ ናቸው። ሥራ ሳስረክብ እንደዚያ የመረቀኝ ሰው የለም።»

ሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሁሉም ጥፋተኛውን ደብቂ ብሎ የለመነኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከተጠርጣሪው ጀምሮ። አልዋሽም፣ ልቤ ሸፈተ። «ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት» ብዬ ብጽፍ ማን ያነበዋል? ግን የወይዘሮ ኡምሀኒ «ሥራሽን ሥሪ» ጆሮዬ ላይ ነበረች።

ፊሮምሳ ይህን ሁሉ ሳይሰማ ሥራውን ይሠራል። ዲስኩን ነቅሎ ከራሱ ጤነኛ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ ሙንታሲር ከሁለት ሜትር «መዝገቡን ተወው፣ መደርደሪያውን ራሱን አስስ» ይለዋል። አሥር ሰዓት ላይ መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ አምስት፣ አሥራ ሁለት። እኔ ክርክሬን ከራሴ ጋር ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ።

አባባ ያደታ ነበሩ፤ ከዘራቸውን ይዘው፣ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው።

«ለልጁ ዋስ ልሆን ነው የመጣሁት» አሉ። «ልጄ አሳሰረው አሉኝ። እኔ ፊት ለፊቴ አቁሜ መርቄዋለሁ። የመረቅኩት ልጅ የእህቴን ቃል አይሰርቅም።»

ወንበር ሳብኩላቸው። ቢራ ከኋላቸው ራሱን ይነቀንቅልኛል። ፈርቼ ነበር። ግን አንድ ሰው ለእውነት ዋስ ሊሆን ሲመጣ እውነቱን መከልከል የባሰ መሰለኝ።

«አባባ፣ ልጁ አላጠፋም። ነጻ ነው» አልኩ። «ማሽኑን ያመመው እርጥበት ነው። በምርቃቱ ዕለት፣ ጎኑ ክፍት ሳለ የገባ። ብርዝ።»

ቪዲዮውን አሳየኋቸው። አንዴ አዩት። ትንሽ ቆይተው መልሼ እንዳሳያቸው በጣታቸው አመለከቱ። ሁለተኛውን ካዩ በኋላ ስልኩን ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

«ዕድሜ ልኬን የሰው ራስ ነው የመረቅሁት፣ የጥጃ ጀርባ፣ የዘር ጤፍ» አሉ። «እነዚያ እርጥበት ይወዳሉ። ይኼኛው እንደማይወድ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሙንታሲር አንገቱን ደፍቶ «መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አባባ። አፈርኩ። ምርቃት እንዴት አቁሙ ይባላል?» አለ።

«እና አፍረህ ታሰርክ።» ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ቢራ፣ አንተም ተነስና በል።»

ቢራ ተነሳ። ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ሙንታሲር ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ሸኪብ አፍንጫውን ሲያብስ አየሁት፤ ጉንፋን ነው አለኝ።

«አርባ አንድ!» አለ ፊሮምሳ ከኮምፒውተሩ ጀርባ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሠላሳ ስምንቱ ሙሉ ናቸው። ሦስቱ ግን ተቆርጠዋል፤ የቀረውን ማውጣት አይቻልም።»

«ከተቆረጡት አንዱን አሰማኝ» አሉ አባባ ያደታ።

ቢራ «ደህናውን ይስሙ፣ አባዬ» አለ። እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ የጠፋውን ካላየሁ የተገኘውን አላምንም ማለታቸው ነው። ፊሮምሳ አስጀመረው። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ ተሰማ፣ የበር መንቋቋት፣ ከዚያ አዴ ዲንቄ፤ ትንሽ የሚጎረብጥ፣ የማይቸኩል ድምፅ። የአባቶችን ስም ይቆጥራሉ። «የኔ አባት ዋቆ። የዋቆ አባት ጉተማ። የጉተማ አባት ቱፋ። የቱፋ አባት ሮባ። የሮባ አባት...»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ቢራ ዓይኑን ጨፈነ።

አባባ ያደታ ስክሪኑን እያዩ፣ ከእህታቸው ጋር አብረው ተቀምጠው የነበሩ ያህል፣ «ቦሩ» አሉ። «የቦሩ አባት ጅሎ። ጅሎ ወንዙን ተሻግሮ የመጣው በድርቅ ዘመን ነው፣ ሁለት ወይፈን ብቻ ይዞ...»

ፊሮምሳ እኔን አየኝ፣ እኔ ሙንታሲርን አየሁት። ልጁ አሁን ነጻ ሰው ነውና ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፣ ስልኩን አወጣ፣ መቅጃውን አስነስቶ ከሽማግሌው ፊት አኖረው።

«አባባ፣ ከቦሩ ጀምረው ይበሉልኝ» አለ።